ልጁ ማን ጋር ይሁን? ለሚለያዩ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች የአሠራር መመሪያ

ባልና ሚስት ተለያዩ ሲባል ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ልጆቹን ማን ወሰዳቸው?» ነው። እንደ ቁም ሳጥኑና እንደ ሶፋው የሚወሰዱ ይመስል። ፍርድ ቤት ሲገባ ግን ጥያቄው ይቀየራል። ዳኛው ማወቅ የሚፈልገው ልጁን ጠዋት ማን እንደሚቀሰቅሰው፣ ሲታመም ማን ጤና ጣቢያ እንደሚወስደው፣ ማታ የት እንደሚያድር ነው። ይህን ቀድሞ የተረዳ ወላጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ያልተረዳው ደግሞ በየቀጠሮው የትዳር ጓደኛውን ጥፋት ሲዘረዝር ይከርማል፤ ስለ ልጁ አንድ መስመር ሳያስገባ።

ይህ ጽሑፍ ለሚለያዩ ወይም ለተለያዩ ወላጆች ነው። ልጅ ለሚያሳድጉ አያቶችና አክስቶችም ይሆናል። ጠበቃን አይተካም፤ ጠበቃ ዘንድ ስትሄዱ ግን ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱ ያሳያችኋል።

መጀመሪያ ሕጉን በአጭሩ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የቤተሰብ ጉዳይ የሚታየው በአማራ ብሔራዊ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰው የፌዴራሉን የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ነው። እሱ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። የሁለቱ ሐሳብ በብዙው ይቀራረባል፤ ክሳችሁ ላይ የሚጻፈው አንቀጽ ግን የክልሉ ይሁን።

ከሁለቱም በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት ነው። ንዑስ አንቀጽ 2 ልጆችን በሚመለከት ፍርድ ቤትም ሆነ ሌላ አካል እርምጃ ሲወስድ የልጁን ደኅንነትና ጥቅም በቀደምትነት እንዲያስብ ያዛል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 3 ይህንኑ ይላል።

ይህ የወረቀት ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነው አለ። ልጁን ሳያሳድግ የኖረ አባት፣ እናት ስትሞት «ሞግዚትና አሳዳሪ ልሁን» ብሎ መጣ፤ ንብረቱንም ልጠብቅ፣ ልጁንም ላሳድግ ማለቱ ነው። ልጁን ያሳደገችው አክስቱ ናት። የሥር ፍርድ ቤቶች «አባት አለ፤ ሕጉ ለአባት ይሰጣል» ብለው ለአባት ወሰኑ። ሰበር ሻረው። የልጁ ጥቅም ከአባትየው ስም በፊት ይታያል ብሎ ለአክስት ሰጠ። ሰበር የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ስለሚያስገድድ፣ የደሴም ዳኛ፣ የኮምቦልቻም ዳኛ ይከተለዋል። ቁጥሯን ያዟት።

ሌላ ከሰፈር የሚሰማ ነገር አለ፦ «ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ለእናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለአባት»። ይህ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቀረ ነው። ያኔም ቢሆን የሚለው ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር እስከ አምስት ዓመት እናት ጋር ይቆይ ነበር እንጂ፣ «ከዚያ በኋላ ለአባት» የሚለው የሰፈር ጭማሪ ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው ሕግ በአንቀጽ 113 ይህን ዕድሜ አያነሳም። የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የአኗኗር ሁኔታ፣ ከዚያም የልጁን ዕድሜና ጥቅም ያያል። ስለዚህ «አምስት ዓመት እስኪሞላው ልጠብቅ» የሚል አባት፣ ወይም «አምስት ሞላውና ይወስድብኛል» ብላ እንቅልፍ ያጣች እናት፣ ሁለቱም በከንቱ ነው የሚጨነቁት።

1. ወረቀቶቹን ሰብስቡ

የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ከሁሉ ይቀድማል። ልደት በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ መመዝገብ አለበት፤ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት። ምዝገባው በአገር ደረጃ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱና ሳይመዘገቡ የቀሩ ብዙ ናቸው። ጊዜው አለፈ ብላችሁ አትተዉት። የክትባት ካርድ፣ የሆስፒታል ወረቀት ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱና ጊዜው ያለፈበት ምዝገባ ጠይቁ። በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ከቤቱ ሰነድ የጠፋበት ሰውም መነሻው እዚያው ቀበሌ ነው።

ከልደቱ ሌላ፦ የጋብቻ ማስረጃ (ከሌለ አብሮ መኖራችሁን የሚመሰክር ጎረቤት)፣ መታወቂያ፣ የልጁ የትምህርት ቤት ደረሰኞችና የውጤት ካርድ፣ የሕክምና ካርድ፣ የቤት ኪራይ ውል። የሌላኛው ወላጅ ሥራና አድራሻም ያስፈልጋል። መጥሪያ የሚደርሰው በአድራሻ ነው፤ «ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል» ብቻ ካላችሁ ቀጠሮው በዚህ ምክንያት ብቻ ሊገፋ ይችላል። የትኛው ፋብሪካ፣ የትኛው ክፍል፣ የሚኖርበት ቀበሌ የቱ እንደሆነ አጣሩ።

2. የልጁን ውሎ ጻፉ

ይህን እርምጃ ማንም አይነግራችሁም፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምመክረው እሱን ነው። አንድ ደብተር ግዙ። የልጁን አንድ ሳምንት እንዳለ ጻፉበት። በስንት ሰዓት ይነሳል? ማን ያለብሰዋል? ትምህርት ቤት በእግሩ ነው ወይስ በባጃጅ? ምሳ ማን ይቋጥርለታል? የቤት ሥራ ማን ያሠራዋል? ቁርአን ቤት ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት መቼ ይሄዳል? አስም ወይም ሌላ የሚከታተለው ሕመም አለበት? ከአያቱ ጋር ምን ያህል ይቀራረባል? ወንድምና እህት ካለው አብረው ናቸው?

ስትጽፉ እውነቱን ጻፉ። «ሁሉን የማደርገው እኔ ነኝ» ብሎ የጻፈ አባት የልጁን መምህር ስም ሲጠየቅ ዝም ካለ፣ ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ማን ያምነዋል? ሌላኛው ወላጅ በደንብ የሚያደርገው ነገር ካለ እሱም ይግባ። እንዲህ የጻፈ ሰው ችሎት ላይ ይታመናል።

ደብተሩ ሦስት ቦታ ያገለግላችኋል። ሽማግሌ ፊት ክርክሩን ከጠብ ወደ ልጁ ይመልሰዋል። ስምምነት ስትጽፉ ዝርዝሩ ከእሱ ይወጣል። ክስ ሲጻፍ ደግሞ ከፍርድ ቤቱ በር የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ «ተከሳሽ ኃላፊነቱን ባለመወጣቱ» ከሚል የተለመደ ሐረግ ወጥቶ ጭብጥ ያለው ነገር እንዲጽፍ ያስችለዋል።

3. ሽማግሌ፣ ግን በልኩ

ወሎ ላይ ሽማግሌ ሳይቀመጥ ፍርድ ቤት የሚሄድ ጥቂት ነው። ጥሩ ልማድ ነው። ፍርድ ቤቱም ራሱ የፍቺ ጥያቄ ሲቀርብለት ለማስታረቅ ጊዜ ሊሰጥ፣ ወደ ሽማግሌም ሊመራ ይችላል። የፌዴራሉ ሕግ ይህን ጊዜ ከ3 ወር እንዳይበልጥ ይገድበዋል።

ሽማግሌ የማይችለው ነገር ግን አለ። ጋብቻን ማፍረስ አይችልም፤ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። «በሽማግሌ ተፋተናል፣ ልጁም ለአባቱ ተሰጥቷል» የሚል ወረቀት ፍርድ ቤት ካልቀረበና ካልጸደቀ፣ አንዱ ወገን ነገ ቢክደው የሚያስፈጽመው የለም። ሽማግሌ የልጁን ቀለብ ማስቀረትም አይችልም። «በቃ ልጇን ይዛ ትሂድ፣ ምንም አትጠይቀው» ተብሎ በዱዓ ወይም በምርቃት የተዘጋ ነገር ስንት ነው! እናትየዋ የራሷን ድርሻ ትተው ይሆናል። ቀለቡ ግን የልጁ ነው፤ የእሷ ስላልሆነ ልትተወው አትችልም። ተናድዳችሁ «ልጄን ብቻ ስጡኝ፣ ብሩን ይብላው» ከማለታችሁ በፊት ይቺን አስቡ።

ድብደባ ባለበት ቤት ግን ሽማግሌውን ዝለሉት። በቀጥታ ፖሊስ ጋር፣ ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል ሂዱ። ልጅን መበደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ያስቀጣል። «የቤት ገመና» ተብሎ የሚሸፈን ነገር አይደለም።

ሙስሊም ቤተሰቦች ጉዳዩን በሸሪዓ ፍርድ ቤትም ማየት ይችላሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) የሚፈቅደው ግን ሁለቱም ወገን ሲስማሙ ነው። መጥሪያ ሲደርሳችሁ ዝም አትበሉ። ብትፈቅዱም ባትፈቅዱም ሄዳችሁ ተናገሩ፤ ዝምታ እንደ ፈቃድ ሊቆጠር ይችላል።

4. ስምምነቱን ቁልጭ አድርጋችሁ ጻፉ

መስማማት ከቻላችሁ ይሄኛው እርምጃ ዓመታት ያተርፍላችኋል። የተስማማችሁበትን ዳኛው አይቶ ያጸድቀዋል፤ የልጁን ጥቅም የሚነካ ካገኘበት ግን አልቀበልም ሊል ይችላል።

የብዙ ሰው ስምምነት የሚበላሽበት ቦታ አንድ ነው፦ «አባት በሚመቸው ጊዜ ልጁን ይጠይቃል»። ለማን የሚመች? ማታ 3 ሰዓት በር ቢያንኳኳ? ሁለት ወር ጠፍቶ በፋሲካ ዋዜማ ቢመጣ? ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ቤት አጣልታለች። በእሷ ፋንታ እንዲህ ጻፉ፦

«ልጃችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ደሴ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት አባቷ ከእናቷ ቤት ይወስዳታል። እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳያልፍ ራሱ ይመልሳታል። መቅረት ግድ ከሆነበት እስከ ሐሙስ ማታ ደውሎ ያሳውቃል። በሌሎቹ ቀናት ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ በስልክ ያገኛታል። የክረምቱን ዕረፍት ግማሽ ከአባቷ ጋር ታሳልፋለች።»

ሰዓቱ ለምን? አንዱ ወላጅ ደሴ፣ ሌላው ኮምቦልቻ ከሆነ መሐሉ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ዳገት አለ። ክረምት ላይ አመሻሹን ጉም ሲወርድበት ያን ጠመዝማዛ ከልጅ ጋር መውጣት ለማንም አይመከርም። ስለዚህ የመመለሻው ሰዓት ብርሃን ሳለ ይሁን። በሚኒባስ ብቻዋን ተሳፍራ ትምጣ የሚባለውም እስከ ስንት ዓመቷ እንደማይፈቀድ ጻፉ። ጃኬቷ ከልጅቷ ጋር ይመለስ የሚለውም አይቅር፤ ኮምቦልቻ ሞቃት ነው ተብሎ ጃኬት እየተረሳ ደሴ ብርድ ላይ የሚጣለው ልጁ ነው። ይህን ሁሉ መጻፍ ያሳፍራል የሚል ሰው አለ። በኋላ መጣላቱ ነው የሚያሳፍረው።

በዓላትን በስማቸው ጻፉ። ወሎ ላይ አንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን መኖር ብርቅ አይደለም፤ ሁለቱን በዓል ለምዶ ያደገ ልጅ አንዱን በድንገት ቢነጠቅ ይከፋዋል። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋ፣ መውሊድ፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፤ እያንዳንዱ በየትኛው ቤት? ዘንድሮ አንዱ ጋር ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት ሌላው ጋር? ኢድና ፋሲካ በየዓመቱ ቀናቸው ስለሚቀያየር በቀን ሳይሆን በስም ይጻፉ። ከአንዱ ወገን ጋር የተያያዘ በዓል ሁልጊዜ እዚያ ይሁን ብላችሁ ብትስማሙ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ሌሎች የማይረሱ ነጥቦች፦ ልጁን ሌላ ትምህርት ቤት ማዛወር የሚቻለው በሁለታችሁ ስምምነት ይሁን ወይስ አይሁን፤ ሕክምና ላይ ማን ይፈርማል፤ አንዱ ወላጅ ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ ምን ይሆናል፤ አያቶች መቼ ያዩታል። እናንተ ብትፋቱም አያቱ አልተፋታም። ልጅ የማሳደግ መብት ያላገኘው ወላጅም ወላጅነቱ አይቀርም፤ ልጁን የማየት፣ ስለ ትምህርቱ የመጠየቅ፣ የመርዳት ኃላፊነት አለበት።

5. ቀለቡን አስሉ

ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ አይደለም። መኖሪያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርት ይገባሉ። መጠኑ በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም። ሁለቱንም ማሳየት የእናንተ ሥራ ነው።

ፍላጎቱን ከደብተሩ አውጡ። የወሩን ወጪ በዝርዝር ጻፉ። በዓመት አንዴ የሚወጣውን ለ12 አካፍላችሁ ጨምሩ። ለምሳሌ መስከረም ላይ ዩኒፎርም፣ ደብተርና ጫማ 6,000 ብር ከፈጀ በወር 500 ብር ነው። ኪራይን ሙሉውን አትጻፉ፤ የልጁን ድርሻ ብቻ። ደረሰኝ የሌለውን ገበያ ላይ ባለው ዋጋ አስሉት። የተጋነነ ዝርዝር እውነተኛውንም ያስጠረጥራል።

አቅሙን ለማሳየት፣ ተቀጣሪ ከሆነ ቀላል ነው። በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው የደመወዝ ማስረጃው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይመጣል። ችግሩ የግል ሥራ ያለው ላይ ነው። በጅቡቲ መስመር የሚሠራ ሹፌር፣ ሸዋ በር ሱቅ ያለው፣ ባጃጅ ያከራየ። «ገቢ የለኝም» ማለት የተለመደ ነው። ንግድ ፈቃዱ፣ የተሽከርካሪው ሊብሬ፣ የባንክ እንቅስቃሴው እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱን ጠይቁ፤ አኗኗሩን የሚያውቁ ምስክሮችም ቁጠሩ።

ቀለብ የአባት ብቻ ግዴታም አይደለም። እናት ደመወዝ ካላት የእሷም አቅም ይታያል። ልጁን ይዛ ማሳደጓ ራሱ ግን መዋጮ ነው፤ ይህን መናገር አትፍሩ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ይላክ፤ በእጅ የተሰጠ ብር ሰጠሁ አልሰጠህም ያመጣል። ሁለተኛ፣ ቀለብን አታከማቹ። በፌዴራሉ ሕግ የመክፈያው ጊዜ ደርሶ ሳይጠየቅ 3 ወር ያለፈው ውዝፍ፣ ለኑሮ አስፈላጊ እንደነበር ካልተረጋገጠ በቀር ቀሪ ይሆናል። «አንድ ቀን አብሬ እጠይቀዋለሁ» ብሎ ዓመት መቆየት ያከስራል። በየወሩ ጠይቁ፤ በጽሑፍ መልእክት ቢሆንም ይቀመጥ።

ዋጋው ሲጨምር ደግሞ የተወሰነው ቀለብ አብሮ አይጨምርም። መጨመሩን ራሳችሁ ማመልከት አለባችሁ። ስምምነት ከሆነ «በየዓመቱ መስከረም እንደገና ይታያል» የሚል መስመር አስገቡ።

6. ፍርድ ቤት

ክሱ የሚቀርበው ለወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ ደሴ ያለ ለደሴ ከተማ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ኮምቦልቻ ያለ ለኮምቦልቻው። የክስ ማመልከቻ፣ የማስረጃ ዝርዝር፣ ቃለ መሐላ፤ ከነቅጂው። ሬጅስትራሩ ተቀብሎ መዝገብ ይከፍታል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ መጥሪያ ይወጣል። የመዝገብ ቁጥራችሁን ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

ፍቺና የልጅ ጉዳይ አንድ ላይ ከሆነ፣ ዋናው ፍርድ እስኪሰጥ አትጠብቁ። ከክሱ ጋር ጊዜያዊ ትዕዛዝ ጠይቁ፦ ልጁ እስከዚያ ማን ጋር ይሁን፣ ጊዜያዊ ቀለብ ስንት ይሁን። ይህን ሳይጠይቁ ወራት የሚያልፍባቸው ብዙ ናቸው፤ በእነዚያ ወራት ልጁ ይበላል፣ ይማራል፣ ይታመማል።

የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 467 ላይ አለ። አቅም እንደሌላችሁ ከቀበሌ ማስረጃ አምጡ። ነጻ የሕግ ምክር ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት፣ ከፍትሕ ጽሕፈት ቤትና ከሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። እነዚህ ጋ የሚሄድ ሰው ምስኪን ነው የሚል አጉል ኩራት አለ፤ ተዉት።

ችሎት ላይ ዳኛው ሲጠይቅ መልሱን አሳጥሩ። «ክቡር ዳኛ፣ ልጁ 3ኛ ክፍል ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከቤቴ አሥር ደቂቃ ነው፤ የማደርሰው እኔ ነኝ።» ይበቃል። ስለ አማቻችሁ ክፋት አትተርኩ።

ልጁስ ይጠየቃል? ነገሮችን መረዳት የሚችል ልጅ ሐሳቡ መሰማት አለበት፤ ኮንቬንሽኑ አንቀጽ 12 ይህን ይላል። ዳኛው ብቻውን በጽሕፈት ቤቱ ጠርቶ ሊያነጋግረው ይችላል። ሐሳቡ ይመዘናል እንጂ ልጁ ዳኛ አይሆንም። እባካችሁ አታስጠኑት። «አባዬን አልወደውም በል» የተባለ ልጅ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይሰናከላል። ባይሰናከልም ያን ቃል ይዞት ያድጋል።

በውሳኔው ካልተስማማችሁ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ፤ ለደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ደሴ። ኮምቦልቻ ያላችሁም ወደ ላይ መውጣት ነው።

7. ከፍርዱ በኋላ

የተፈረደው ቀለብ ካልተከፈለ የአፈጻጸም ማመልከቻ ለፈረደው ፍርድ ቤት ይቀርባል። ተቀጣሪ ከሆነ ከደመወዙ ተቆርጦ በቀጥታ እንዲላክ ለመሥሪያ ቤቱ ትዕዛዝ ይጻፍለታል። በቂ ምክንያት ሳይኖር ቀለብ መከልከል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ያስጠይቃል፤ አቤቱታ ሲቀርብ።

ቀለብ ስላልከፈለ ልጁን አላሳየውም ማለት ግን አይሠራም። ስላላሳየችኝ አልከፍልም ማለትም አይሠራም። ሁለቱ ለየብቻ የልጁ መብቶች ናቸው፤ አንዱን በሌላው ማስያዝ አይቻልም። ቢከለከላችሁ ከትምህርት ቤት በር ልጅ ጎትቶ ከመሄድ ይልቅ ፍርዱን ይዛችሁ ወደ አፈጻጸም ሂዱ። ጎትቶ የወሰደ ወላጅ እውነት ቢኖረውም ችሎት ፊት ይጎዳል።

የልጅ ጉዳይ «አንዴ ተፈርዷል» ተብሎ አይዘጋም። አሳዳጊው ቢታመም፣ ቢሰደድ፣ ልጁ ቢንገላታ፣ ሁኔታው መለወጡን አሳይቶ እንዲቀየር መጠየቅ ይቻላል። ፍቺውንም በ30 ቀን ውስጥ ቀበሌ አስመዝግቡ።

ልዩ ሁኔታዎች

ሳይጋቡ ልጅ ከወለዳችሁ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36(4) ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ እኩል መብት አለው ይላል። አባት ልጅነቱን ካመነ ቀበሌ ያስመዝግብ። ከካደ መጀመሪያ አባትነት በፍርድ ቤት ይረጋገጥ፤ ቀለቡ ከዚያ ይከተላል። አብሮ መኖራችሁን የሚያውቅ ጎረቤት፣ የላከው ገንዘብ፣ የጻፈው መልእክት ሁሉ ማስረጃ ነው። አትሰርዙ።

ከወላጆች አንዱ ከሞተ፦ በሕይወት ያለው ብቻውን አሳዳሪም ሞግዚትም ይሆናል። አሳዳሪ የልጁን አስተዳደግ ይመለከታል፤ ሞግዚት ንብረቱንና ገንዘቡን። ባንክና ጡረታ ማስረጃ ስለሚጠይቁ ከፍርድ ቤት አውጡ። ሁለቱም ከሌሉ አያቶች፣ ከዚያም አዋቂ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያም አጎቶችና አክስቶች ይታሰባሉ። ይህ ቅደም ተከተል ለልጁ የማይበጅ ከሆነ ያቺን 23632 አስታውሱ።

ወላጅ ዓረብ አገር ከሆነ፦ ደቡብ ወሎ ይህን ያውቀዋል። እናት ጅዳ፣ ልጅ አያቱ ጋር። እናትየዋ ለእናቷ ወይም ለእህቷ ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ሠርታ ትላክ፤ እዚህም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ። ውክልናው ላይ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፣ ማሳከም፣ በልጁ ጉዳይ መክሰስና መከሰስ በስም ይጠቀሱ፤ «ማንኛውንም ጉዳይ» የሚል ጥቅል ቃል አይበቃም። የምትልከው ሐዋላ ብዙ ጊዜ በእህት ወይም በጎረቤት ስም ነው የሚመጣው። ነገ አባት «ልጄን ጥላው ሄደች» ቢል፣ ብሩ ለልጁ መምጣቱን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ይከብዳታል። ስለዚህ ተቀባይዋ በየጊዜው «ይህን ያህል ብር ለልጁ ቀለብ ተቀብያለሁ» ብላ ፈርማ ታስቀምጥ፤ ደረሰኙም አብሮ ይያዝ። ልጁ ከእናቱ ጋር በስልክ የሚያወራበት ቀንም ይታወቅ፤ አያት ስልክ የሌላቸው ከሆነ የማን ስልክ እንደሆነ ጭምር።

የፍርዱን ወይም የጸደቀውን ስምምነት ትክክለኛ ግልባጭ በማኅተም አውጡና አንዱን ለልጁ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ስጡ፤ ማን ልጁን መውሰድ እንደሚችል የሚያውቁት በዚያ ነው።